አንድ ቁጥር አይበቃም፦ ስለ አናሎግ ኦሲሌተሮች የሙቀት መረጋጋት

ስለ አናሎግ ሲንተሳይዘር ሰርኪዩቶች የሚቀርቡ የንድፍ ጽሑፎችና የመመረቂያ ሥራዎች የሙቀት መረጋጋትን ጉዳይ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። «ኦሲሌተሩ ከሙቀት ለውጥ አንጻር የተረጋጋ ነው» ይባላል፤ አለዚያም በአንድ የድምፅ ከፍታ ላይ ተለክቶ የተገኘ አንድ ቁጥር በሠንጠረዥ ውስጥ ይሰፍራል። አንባቢው ግን ያ ቁጥር ስለ የትኛው ስሕተት እንደሚናገር፣ ከየትኛው የድምፅ ክልል እንደተወሰደ፣ ሰርኪዩቱ ሞቆ ከተረጋጋ በኋላ ይሁን ገና በመሞቅ ላይ ሳለ እንደተመዘገበ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት አጭር ነው። ሙቀት በኦሲሌተር ላይ የሚያስከትለው የቅኝት መንሸራተት ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ምንጭ፣ ጠባይና መድኃኒት አላቸው። ሦስቱን በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ማቅረብ ውጤቱን በሌላ ቤተ ሙከራ ለመድገም አዳጋች ከማድረጉም በላይ፣ ተመራማሪውን ራሱን ወደ ተሳሳተ መፍትሔ ሊመራው ይችላል። ስለዚህ ሦስቱ ተለይተው እንዲለኩና ተለይተው እንዲዘገቡ ልንጠይቅ ይገባል እላለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የችግሩ ሥር

ጆሮ የድምፅን ከፍታ የሚመዝነው በምጥጥን ነው። ከ110 ወደ 220 ሄርትዝ መውጣትና ከ440 ወደ 880 ሄርትዝ መውጣት ለአድማጭ እኩል ርምጃ፣ ማለትም አንድ ኦክታቭ ነው። ሮበርት ሙግ በ1964 በቮልቴጅ የሚታዘዙ የሙዚቃ ሞጁሎቹን ሲያቀርብ የመረጠው ሥርዓት ይህን የጆሮ ጠባይ የተከተለ ነበር፤ የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ በ1 ቮልት በጨመረ ቁጥር የኦሲሌተሩ ፍሪኩዌንሲ በእጥፍ ያድጋል። የሥርዓቱ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ከቁልፍ ሰሌዳው፣ ከማስተካከያ ማዞሪያውና ከሌሎች ሞጁሎች የሚመጡ ቮልቴጆች ያለ ችግር ተደምረው ሙዚቃዊ ትርጉም ይሰጣሉ። ለዚህ ጥቅም የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ፤ መደመርን ወደ ማባዛት የሚለውጥ አካል በሰርኪዩቱ ውስጥ መኖር አለበት።

ያ አካል ትራንዚስተር ነው። በትራንዚስተር ኮሌክተር የሚያልፈው ፍሰት በቤዝና በኤሚተር መካከል ካለው ቮልቴጅ ጋር በኤክስፖኔንሻል ሕግ ያድጋል፤ ሕጉም በሰፊ የፍሰት ክልል ውስጥ እጅግ ትክክለኛ በመሆኑ ከዚህ የረከሰና የተሻለ መቀየሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ይሁን እንጂ በዚህ ሕግ ውስጥ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጡ ሁለት መጠኖች አሉ። አንደኛው የትራንዚስተሩ የሙሌት ፍሰት ነው። ሁለተኛው «የሙቀት ቮልቴጅ» የሚባለው፣ የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በፍጹም ሙቀት ተባዝቶ ለኤሌክትሮን ቻርጅ ሲካፈል የሚገኘው መጠን ነው። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም በ300 ኬልቪን ገደማ፣ የሙቀት ቮልቴጁ 25.9 ሚሊቮልት ያህል ይሆናል። በዚህ ሙቀት አንድ ኦክታቭ በትራንዚስተሩ ቤዝ ላይ የሚይዘው ስፍራ 17.9 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የዚህ ቁጥር ማነስ ውጤት ነው።

ሦስቱ መንሸራተቶች

የመጀመሪያው የመነሻ መንሸራተት ነው። የሙሌት ፍሰቱ ከሙቀት ጋር በፍጥነት ያድጋል፤ በመሆኑም የኮሌክተሩ ፍሰት ሳይለወጥ እንዲቆይ ከተፈለገ የቤዝና የኤሚተር ቮልቴጅ በየዲግሪው ወደ 2 ሚሊቮልት መቀነስ አለበት። 2 ሚሊቮልት ለ17.9 ሲካፈል የኦክታቭ አንድ ዘጠነኛ ያህል ነው፤ ኦክታቭ 1,200 ሴንት፣ ሴሚቶን ደግሞ 100 ሴንት ስለሆነ ስሕተቱ ወደ 134 ሴንት ይደርሳል። ማካካሻ ያልተደረገለት አንድ ትራንዚስተር እንግዲህ ክፍሉ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ድምፁን ከአንድ ሴሚቶን በላይ ከፍ ያደርገዋል። የዚህ ስሕተት መለያ ጠባይ ሁሉንም ኖታዎች በእኩል ሴንት ማንቀሳቀሱ ነው። ፍሪኩዌንሲውን በሚወስነው ካፓሲተር ላይ የሚደርሰው ለውጥም ከዚሁ ወገን ይመደባል፤ መጠኑ ግን በጣም ያንሳል። በየዲግሪው ከሚሊዮን 120 ክፍል ያህል የሚለወጥ የፖሊስታይሪን ካፓሲተር የሚያስከትለው ስሕተት 0.2 ሴንት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የስፋት መንሸራተት ነው። የሙቀት ቮልቴጁ ከፍጹም ሙቀት ጋር በቀጥታ ስለሚያድግ፣ በ300 ኬልቪን አካባቢ አንድ ዲግሪ ሲጨምር በሦስት መቶኛ እጅ፣ ማለትም ከሚሊዮን 3,300 ክፍል ያህል ይጨምራል። ለአንድ ኦክታቭ የሚያስፈልገው ሚሊቮልት አደገ ማለት፣ ሳይለወጥ የቀረው የቁልፍ ሰሌዳ ቮልቴጅ የሚያወጣው ኦክታቭ ጠበበ ማለት ነው። የስሕተቱ መጠን ኖታው ከማጣቀሻው ድምፅ ባለው ርቀት ይወሰናል። ማጣቀሻ ድምፅ የምለው በመቀየሪያው ሁለት ትራንዚስተሮች ቤዞች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት በማይኖርበት ጊዜ የሚሰማውን ድምፅ ነው፤ እርሱ ራሱ ፈቅ አይልም። ከእርሱ አንድ ኦክታቭ በሚርቅ ኖታ ላይ ስሕተቱ በየዲግሪው 4 ሴንት፣ ሦስት ኦክታቭ በሚርቀው ላይ 12 ሴንት፣ አምስት ኦክታቭ በሚርቀው ላይ 20 ሴንት ይሆናል። መሣሪያው ሲሞቅ ከማጣቀሻው በላይ ያሉት ኖታዎች ይወርዳሉ፤ በታች ያሉት ይወጣሉ።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ክራርን መመልከት ይበቃል። ክራር ደርዳሪ ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ክሮቹን በሙሉ በእኩል ምጥጥን ቢያነሣቸው ወይም ቢያወርዳቸው ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል። በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ሲለወጥ ግን ቅኝቱ ራሱ ይጠፋል። የመነሻ መንሸራተት እንደ ፊተኛው ነው፤ አንድ ማዞሪያ በማዞር ይታረማል። የስፋት መንሸራተት እንደ ኋለኛው ነው፤ አንዱን ኖታ ባረምነው መጠን ሌላው ይበላሻል። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ውስጥ መደባለቅ ሙዚቀኛው በቀላሉ የሚችለውንና ፈጽሞ የማይችለውን ስሕተት እኩል መቁጠር ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የአለመመሳሰል መንሸራተት ነው። ማካካሻ ሁሉ የሚሠራው አካላቱ በእኩል ሙቀት ላይ እስካሉ ድረስ ነው። ሁለት ተጣማሪ ትራንዚስተሮች በዲግሪ አንድ አሥረኛ ቢለያዩ በመካከላቸው 0.2 ሚሊቮልት ይፈጠራል፤ ይህም 13 ሴንት ያህል ነው። መሣሪያው እንደተከፈተ፣ የኃይል አቅርቦቱ ሲሞቅ፣ በመስኮት ነፋስ ሲገባ ወይም የመድረክ መብራት በአንድ ጎኑ ሲያርፍበት የሚሰማው መዋዠቅ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። ይህን ስሕተት የሚወስነው ሙቀቱ የሚለወጥበት ፍጥነትና የሚመጣበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ ሰርኪዩቱን በሙቀት ሣጥን አስቀምጦ እስኪረጋጋ ጠብቆ ብቻ የሚለካ ሰው ፈጽሞ አያገኘውም።

እነዚህ ቁጥሮች ለጆሮ ምን ያህል ናቸው? የሠለጠነ ጆሮ በመካከለኛው የድምፅ ክልል የ5 ሴንት ያህል ልዩነትን ይለያል። ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጋለጣል፤ በ440 ሄርትዝ ላይ የ5 ሴንት ልዩነት ድምፁ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍ ዝቅ እንዲል ያደርጋል። ከላይ ከተጠቀሱት ስሕተቶች መካከል ቸል ሊባል የሚችለው የካፓሲተሩ ብቻ ነው።

ከመድኃኒቶቹ ታሪክ የምንማረው

ዌንዲ ካርሎስ በ1968 የወጣውን የባኽ ሥራዎች አልበም በሙግ ሲንተሳይዘር ስትቀዳ ኦሲሌተሮቹ ቶሎ ቶሎ ከቅኝት ይወጡ ስለነበር ቀረጻው በአጫጭር ሐረጎች እየተቆራረጠ፣ በመካከሉም መሣሪያው እየተቃኘ መካሄድ ነበረበት። በስቱዲዮ ይህ ትዕግሥት ይቻላል፤ በመድረክ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ የመጡት መፍትሔዎች በቅደም ተከተል ሲታዩ እያንዳንዳቸው ከሦስቱ መንሸራተቶች በተለይ አንዱን የሚመለከቱ መሆናቸው ይገለጣል።

ተጣማሪ ትራንዚስተሮች የመነሻ መንሸራተትን ይመልሳሉ። የሁለተኛው ትራንዚስተር የሙሌት ፍሰት የመጀመሪያውን ስለሚያጣፋው 134 የነበረው ሴንት ወደ ጥቂት ይወርዳል። ስለ ስፋት ግን ማጣመር ምንም አያደርግም። ሁለቱ ትራንዚስተሮች በአንድ የሲሊከን ቺፕ ላይ ሲሠሩ በመካከላቸው የሚኖረው የሙቀት ልዩነት ስለሚያንስ ሦስተኛውም መንሸራተት በከፊል ይገታል።

የስፋት መንሸራተትን ለመመለስ የተለመደው መንገድ በመግቢያው የቮልቴጅ መከፋፈያ ላይ በየዲግሪው ከሚሊዮን 3,300 ክፍል ያህል የሚያድግ ሬዚስተር ማስገባት ነው። የሙቀት ቮልቴጁ ባደገበት መጠን ወደ ቤዙ የሚደርሰው ቮልቴጅም ያድጋል፤ ምጥጥኑ ይጠበቃል። ሬዚስተሩ ከትክክለኛው ከሚሊዮን በ100 ክፍል ቢሳሳት እንኳ በሦስት ኦክታቭ ርቀት የሚቀረው ስሕተት በየዲግሪው 0.36 ሴንት ብቻ ነው። ነገር ግን ሬዚስተሩ ከትራንዚስተሮቹ በአንድ ዲግሪ ከቀዘቀዘ ያው 12 ሴንት ተመልሶ ይመጣል። ከዚህ የምንረዳው ነገር ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ ሬዚስተሩን ከቺፑ ጋር በሙቀት አስተላላፊ ማጣበቂያ ማያያዝ እጅግ ትክክለኛ ሬዚስተር ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል።

ሌላው መንገድ ሙቀቱን ራሱን ማሰር ነው። የፌርቻይልድ 726 ቺፕ ተጣማሪ ትራንዚስተሮችንና ማሞቂያቸውን በአንድ ላይ የያዘ ነበር፤ በኋለኞቹ የሚኒሙግ ኦሲሌተር ሰሌዳዎችም ውስጥ ገብቷል። ቺፑ ከአካባቢው ሙቀት በላይ በሆነ ቋሚ ሙቀት ስለሚቆይ የመነሻውም የስፋቱም መንሸራተት በአንድነት ይያዛሉ። ዋጋው የኃይል ፍጆታና መሣሪያው እስኪሞቅ የሚወስደው ጊዜ ነው። የደግ ከርቲስ ሲ.ኢ.ኤም. 3340 ቺፕ ደግሞ የስፋት ማካካሻውን በራሱ በሲሊከኑ ላይ ሠርቶ ልዩውን ሬዚስተር አላስፈላጊ አደረገው፤ ምክንያቱና ማካካሻው በአንድ ቺፕ ላይ ስለሚኖሩ የሙቀት አለመመሳሰል ስፍራ አያገኝም። የፕሮፌት-5 ሦስተኛው እትም በ1980 ወደዚህ ቺፕ ቤተሰብ የተሻገረው ቀድሞ ይጠቀምባቸው የነበሩትን የኤስ.ኤስ.ኤም. ቺፖች ትቶ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሙዚቀኞች ይመጣል፤ የኦሲሌተር መዋዠቅ የአናሎግ ድምፅ ለዛ ነውና አትንኩት የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ሁለት ኦሲሌተሮች በጥቂት ሴንት ሲለያዩ የሚፈጠረው ውፍረት በእርግጥ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ያን ልዩነት የሚያበጀው ተጫዋቹ በማዞሪያው ነው፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ በአንድ ሙቀት ላይ ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ኦሲሌተሮች ሲሞቁ በአብዛኛው አብረው ነው የሚንሸራተቱት። ሙቀት በዋናነት የሚጎዳው በመሣሪያውና በሌሎች መሣሪያዎች መካከል ያለውን ስምምነትና የኦክታቩን ስፋት ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን የቀዱትን አልበም እናስብ፤ በውስጡ አኮርዲዮን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖና የሙግ ሲንተሳይዘር በአንድነት ይሰማሉ። የአኮርዲዮን የብረት ምላስ በዜማው መካከል አይቃኝም፤ የሮድስም ብረት እንዲሁ። ወደ እነርሱ መምጣት ያለበት ኦሲሌተሩ ነው። ለዛ ሊባል የሚገባው ተጫዋቹ የመረጠው ልዩነት እንጂ አየሩ የጫነበት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመሐንዲሶች ይመጣል፤ ዛሬ ማይክሮፕሮሰሰር ሁሉን ስለሚያርም ስለ ሙቀት መድከም አያስፈልግም የሚል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲጫን ኦሲሌተሮቹን በማይክሮፕሮሰሰር እየለካ ያርም ነበር። ይህ ዘዴ የመነሻንም የስፋትንም ስሕተት በተለኩበት ቅጽበት ያስተካክላል። ከቅጽበቱ በኋላ ግን ሙቀቱ መለወጡን አያቆምም፤ የስፋት ማካካሻ የሌለው ኦሲሌተር ከታረመ በኋላ በ3 ዲግሪ ቢሞቅ በሦስት ኦክታቭ ርቀት 36 ሴንት ይስታል። እርማት በታሰረ ኦሲሌተር ላይ ሲጨመር ግሩም ነው፤ ባልታሰረው ላይ ግን ከሚሸሽ ነገር ኋላ መሮጥ ይሆናል።

በ1982 የወጣው የሮላንድ ጁኖ-6 የመረጠው መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። የኦሲሌተሩ ፍሪኩዌንሲ ከቋሚ ሰዓት ምት በቁጥር እየተከፈለ ስለሚወሰን የትራንዚስተሩ ሕግ ከቅኝት ጉዳይ ውስጥ ይወጣል። ከቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ለሚታዘዝ መሣሪያ ይህ ትክክለኛ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ኦሲሌተር ሌላውን በድምፅ ፍጥነት በቮልቴጅ በሚያዝበት የሞጁል ሥርዓት ውስጥ ግን የኤክስፖኔንሻል መቀየሪያው አሁንም ያስፈልጋል፤ የሙቀት ጥያቄውም ከእርሱ ጋር ይኖራል።

ምን ይደረግ?

ስለ አናሎግ ኦሲሌተር የሚጽፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሦስት ቁጥሮችን ለይቶ ቢያቀርብ ጉዳዩ ይቃለላል፦ በማጣቀሻው ድምፅ ላይ በየዲግሪው የሚደርሰውን ሴንት፤ ከማጣቀሻው በሚርቅ በእያንዳንዱ ኦክታቭ በየዲግሪው የሚጨመረውን ሴንት፤ እንዲሁም መሣሪያው ቀዝቅዞ ከተከፈተበት ጊዜ ጀምሮ እስኪረጋጋ ድረስ የታየውን ከፍተኛ ስሕተትና የወሰደውን ጊዜ። የማጣቀሻው ድምፅ ፍሪኩዌንሲ አብሮ ካልተጠቀሰ ሁለተኛው ቁጥር ትርጉም አይኖረውም።

አለካኩ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሙቀት የማያሳልፍ ሣጥን፣ አምፖልና ቴርሞስታት፣ ከትራንዚስተሮቹ ጋር የተጣበቀ ቴርሞሜትር፣ በክሪስታል የሚሠራ የፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ ይበቃሉ። የክሪስታሉ ስሕተት ከሚሊዮን 50 ክፍል ቢሆን እንኳ ከ0.1 ሴንት አይበልጥም። በሦስት የሙቀት ደረጃዎች፣ ለምሳሌ በ15፣ በ25 እና በ35 ዲግሪ፣ በየኦክታቩ አንድ ኖታ እየተለካ ስሕተቱ በሴንት ከማጣቀሻው ርቀት አንጻር በግራፍ ይነደፍ። መስመሩ ማጣቀሻውን የሚያቋርጥበት ነጥብ የመነሻውን፣ የመስመሩ ዘንበልታ የስፋቱን መንሸራተት ይሰጣል። የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ ምንጭ ከሣጥኑ ውጭ መቆየት አለበት፤ 1 ሚሊቮልት የሳተ ምንጭ ብቻውን 1.2 ሴንት ያስታልና። ሦስተኛው ቁጥር በሣጥኑ አይገኝም፤ ሰርኪዩቱን በገላጣ ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ፍሪኩዌንሲውን በየሰከንዱ መመዝገብ፣ ከተረጋጋም በኋላ በማራገቢያ ነፋስ መፈተን ያስፈልጋል።

ይህ ጥንቃቄ በእኛ ቤተ ሙከራዎች ይበልጥ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባ በበጋ ወራት ከንጋት እስከ ከሰዓት በኋላ ያለው የሙቀት ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ይበልጣል። 10 ዲግሪ ደግሞ ስፋቱ ባልተካካሰ ኦሲሌተር ላይ፣ በሦስት ኦክታቭ ርቀት፣ 116 ሴንት ያህል ነው። «በክፍል ሙቀት ተለካ» የሚለው ሐረግ አየሩ በማሽን በሚስተካከል ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ይናገራል፤ መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ውስጥ ምንም አይናገርም።

ጉዳዩ የሙዚቃ ብቻም አይደለም። በትራንዚስተር ላይ ፍሰትን በአሥር እጥፍ ለማሳደግ በ300 ኬልቪን 59.5 ሚሊቮልት ያስፈልጋል፤ የፒኤች መለኪያ ኤሌክትሮድ በ25 ዲግሪ ለእያንዳንዱ የፒኤች ርምጃ የሚሰጠው በመርሕ ደረጃ 59.2 ሚሊቮልት ነው። የሁለቱ መቀራረብ በአጋጣሚ አልመጣም፤ ሁለቱንም የሚገዛው ያው የሙቀት ቮልቴጅ ነው። የሎጋሪዝም ማጉያዎችና የቮልቴጅ ማጣቀሻ ቺፖችም ከዚሁ ምንጭ ይጠጣሉ። መነሻን ከስፋት፣ ስፋትን ከአለመመሳሰል ለይቶ መለካትን በኦሲሌተር ላይ የተማረ ተማሪ በኬሚስትሪ ወይም በሕክምና መለኪያ መሣሪያ ፊት ሲቆም አዲስ ነገር አይገጥመውም። ኦሲሌተሩ ግን ለማስተማሪያነት ከሌሎቹ የሚሻልበት አንድ ጸጋ አለው፤ ስሕተቱን ጆሮ ይሰማዋል።

የመመረቂያ ሥራዎችን የሚያማክሩና የሚገመግሙ ባልደረቦች «የተረጋጋ ነው» የሚለውን ቃል ሲያገኙ «የትኛው መንሸራተት? ከየትኛው ድምፅ በምን ያህል ርቀት? ሞቆ ከተረጋጋ በኋላ ወይስ በፊት?» ብለው እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። ጥያቄዎቹን ለመመለስ ለአንድ ተማሪ ሁለት የሥራ ቀናት ይበቁታል። ሰርኪዩቱን ከሌላ ቦታ ሆኖ ለመድገም ለሚሞክር ተመራማሪ ግን ሳምንታትን ያተርፉለታል።